አባቴ ያገኛቸው ቀዳዳዎች

በዘጠኝ ዓመቴ እንደ አባቴ ያለ የጌም ሊቅ በምድር ላይ የለም ብዬ አምን ነበር። አባቴ ስለሆነ አድልቼለት አይደለም፤ ማስረጃ ነበረኝ። ሌላው ሰው ጆይስቲክ ሲይዝ መንገዱን ይዞ ይነዳል። አባቴ ግን ግድግዳ ይገጫል። ከሚገጫቸው ግድግዳዎች ደግሞ አንዳንዱ ይከፈትለታል።

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ አለዚያ እብድ እመስላለሁ። ቤታችን ውስጥ አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ትቶልን የሄደ አሮጌ የጌም ማጫወቻ ነበር። አብሮት የመጣው ጌም አንድ ብቻ ነው፤ ከተማ ውስጥ መኪና መንዳት። ታክሲም፣ የጭነት መኪናም፣ አውቶቡስም መምረጥ ይቻላል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ቸኩለው ይሁን ሰልችቷቸው እንጃ፣ ከተማዋ ግን ስንጥቅጥቋ የወጣ ነበረች። ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ያለው ግንብ ለይምሰል ነው፤ በደንብ ተንደርድረው ከገቡበት መኪናው ሰርስሮት ያልፍና ከከተማዋ ሥር ይወድቃል። እዚያ ታች ሆኖ ሽቅብ ማየት ነው ደስታው። አስፋልቱ እንደ መስታወት ያሳያል፣ የእግረኞቹ ጫማ ሶል ከላያችን ይመላለሳል፣ ዛፎቹ ሥር የላቸውም። አደባባዩ ላይ ደግሞ አግዳሚ ወንበር ውስጥ እስከ ወገቡ ተቀርቅሮ ፊሽካውን የሚነፋ ፖሊስ አለ። መቶ ጊዜ አይተነዋል፤ መቶ ጊዜ ሆዳችንን ይዘን ስቀናል።

እንዲህ ያለውን ሁሉ «ቀዳዳ» እንለው ነበር። ተጫዋቾቹ እኔ፣ ከላይኛው ፎቅ የምትወርደው ሽቦ የምንላት ቀጭን ልጅና ሁለቱ መንታ ወንድሞቿ ነን። ሽቦ ያወጣችው አንድ ደንብ ነበረን፤ ቀዳዳ ያገኘ ሰው በዚያው ቀን ለሁሉም ያሳያል። የደበቀ ሰው ለአንድ ሳምንት ጆይስቲክ አይነካም። መንታዎቹ አንድ ጊዜ የመጨረሻዋን መስመር በኋላ ማርሽ ሦስት ጊዜ ከተሻገሩ ጌሙ ሦስት ዙር እንደሚቆጥርላቸው ደርሰውበት፣ ዝም ጭጭ ብለው አራት ቀን ሙሉ አሸንፈውን ነበር። ሽቦ ያን ቀን ያለቀሰችው ለቅሶ ነው ደንቡን የወለደው። ለእኔ ደንቡ አልከበደኝም። ድሮም ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ፈረቃው ያበቃል። ይመጣና ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ለውጦ፣ አጠገቤ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ቤቱ ገብቶ ጆይስቲክ ተቀብሎኝ ምን ቢመርጥ ጥሩ ነው? አውቶቡስ። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አልጠገብክም ወይ ትለዋለች። ይኼኛው ተሳፋሪ አይሳደብም ይላታል።

ታዲያ ይገጫል። ሁሌ በግራ በኩል ነው። የግራውን የመንገድ ዳር፣ የግራውን የመብራት ምሰሶ፣ በግራ የቆመውን ሁሉ ጠራርጎት ይሄዳል። መንታዎቹ በመጀመሪያ አሾፉበት። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ሲላተም አጥሩ ዋጠውና ከአውቶቡሱ ጋር ሽቅብ ተኮሰው፤ ከተማዋን ከደመና በላይ ሆነን አየናት። ከዚያ ወዲህ ማንም አላሾፈበትም። በሳምንቱ ደግሞ ፌርማታ ላይ የግራ ጎማውን መሃል አካፋዩ ላይ ሰቅሎ ቆመና በሩን ሲከፍት፣ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ተሳፈረ። ያው ሽማግሌ እንደገና ተሳፈረ። አሁንም ተሳፈረ። አርባ ጊዜ ተሳፍሮ አውቶቡሱ «ሞልቷል» አለ፤ ወንበሩ ሁሉ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ። አባቴ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። እንደዚህ ዓይነት ተሳፋሪ እኔም አለኝ አለ።

አንድ ቀን ለምን ሁሌ በግራ በኩል ብቻ እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። የሙያ ምስጢር የምጠይቅ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው።

«በቀኝ ያለውንማ ሁሉም ሰው ያየዋል» አለኝ።

በማግስቱ ለሽቦ ነገርኳት። ሽቦም ትልቅ ምሥጢር እንደሰማች ሰው ራሷን ነቀነቀች። ለብዙ ጊዜ አራታችንም በግራ በኩል ስንገጭ ከረምን።

እዚህ ላይ ያኔ የነበርኩት የዘጠኝ ዓመት ልጅ የማታውቀውን ልናገር፤ እኔም ያወቅኩት ቆይቼ ነው። አባቴ የሚገጨው ስለማያይ ነበር። ግራ ዓይኑ ቀስ በቀስ ጠፍቶ፣ ያን ዓመት ብርሃንና ጥላን ከመለየት ያለፈ አቅም አልነበረውም። ይህን የሚያውቁት እሱና እናቴ ብቻ ናቸው። የመንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ የሚያስፈልገው የዓይን ምርመራ ደግሞ እየቀረበ ነበር። ካላለፈ ከአውቶቡሱ ይወርዳል። ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠበት ወንበር ነው፤ ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። ከኔ ጋር ወለሉ ላይ ቁጭ የሚለው ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። አንገቱን ምን ያህል ቢያዞር የግራውን እንደሚይዝ እየሞከረ ነበር፤ ሰው የማይሞትበት መንገድ ላይ።

እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። ቤት ውስጥም ቀዳዳ የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከመኝታ ቤት ሲወጣ በግራ ትከሻው የበሩን መቃን ድው አደረገው። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ ይኼም የሚያሳልፍ መስሎኝ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ የዋዛ አይደለሁም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ የቤቱን መቃን ሁሉ በትከሻዬ ስሞክር ከረምኩ። እናቴ ገላዬን ስታጥበኝ የበለዘውን አይታ ማን መታሽ አለችኝ። አባዬ ያስተማረኝን እየሠራሁ ነው አልኳት። ሳሙናውን እንደያዘች ቆም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕድ ስታቀርብ ብርጭቆውን በስተቀኙ ታስቀምጥለት ጀመር፤ እኔም የቦታ ለውጡን አይቼ እናቴም ጨዋታውን ገባች ብዬ ደስ አለኝ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። መኪናዋ ያለው ከሳሎኑ ጥግ ከመጋረጃ ጀርባ ነው። የስፌት መኪናው ድምፅ ከቆመና ክሩ ካልተበጠሰ፣ ከመጋረጃው ኋላ ወሬ አለ ማለት ነው። ስለዚህ መኪናው ጸጥ ሲል እኔም ጌሙን ጸጥ አደርግና ጆሮዬን እቀስራለሁ።

አንድ ከሰዓት አባቴ ከወትሮው ቀድሞ መጣ። ፊቱን አልታጠበም፤ አጠገቤም አልተቀመጠም። በእጁ ማንገቻው የተበጠሰ ሰማያዊ የተማሪ ቦርሳ ይዟል። በቀጥታ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። የስፌት መኪናው ቆመ።

«በግራ ነው የመጣችው» አለ።

እናቴ እንዲህ ስትል ሰማሁ፣ «ዛሬ እሷም ተረፈች። ነገ ቦርሳው ብቻ ቢተርፍስ?»

ከዚህ ሁሉ የገባኝ ቦርሳ መምጣቱ ነው። የኔ ቦርሳ አርጅቶ ነበርና ለኔ ተገዝቶ፣ ማንገቻው ላልቶ እየተጠገነ መሰለኝ። ልቤ ጮቤ ረገጠች። እናቴ ማንገቻውን በድርብ ክር ስትሰፋው አጠገቧ ቆሜ ቀለሙን አደነቅኩ። ስትጨርስ ከፈትኩት። ውስጡ የማላውቃት ልጅ ደብተሮችና ግማሹ የተበላ ዳቦ ነበር። የሰው ነው አለችኝ እናቴ፤ አባትሽ ነገ ይመልሳል። አኮረፍኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ያቺን የማላውቃትን ልጅ ጠላኋት፤ ያን ቀን ከአባቴ አውቶቡስ ጎማ በአንድ እርምጃ ያመለጠችውን ልጅ።

በሳምንቱ አባቴ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። ሲዘረጋው ሦስት ጥርስ ያላቸው ትናንሽ ሹካዎች በተርታ ተስለውበታል፤ አንዱ ጥርሱን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ታች አድርጓል። ከላይ አንድ ትልቅ ሹካ ብቻ አለ፣ ከሥሩ ሁለት፣ እያለ ወደ ታች እየበዙና እያነሱ ይሄዳሉ።

ኮድ ነው አለኝ። በቃሉ ካልያዘው አንድ ፈተና እንደማያልፍ፣ የማስጠናውም እኔ እንደሆንኩ ነገረኝ። የምን ጌም ኮድ እንደሆነ ስጠይቀው የትልልቅ ሰዎች ነው ብሎ ዘጋኝ። እኔ ግን ገርሞኝ አላበቃሁም። ይኼ ኮድ ይቀያየራል ወይስ ሁሌ ያው ነው ብዬ አፋጠጥኩት።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲያየው ያው ነው አለኝ።

በደስታ መቀመጥ አቃተኝ። በጌም ውስጥ ያለ ቀዳዳ ማንም ያገኘዋል። አባቴ ያገኘው ከጌም ውጪ ነው፤ እውነተኛ ፈተና፣ መልሱ ሃያ ሁለት ዓመት የማይለወጥ። ለሽቦ ልነግራት ልሮጥ ስል እጄን ያዘኝ። ካለፍኩ በኋላ ለፈለግሽው ሰው መናገር ትችያለሽ፣ እስከዚያ ግን ለማንም አትተነፍሺም አለኝ። ደንቡ በዚያው ቀን ነው የሚለው ብዬ ተከራከርኩት። ለትልልቅ ሰዎች ጌም ደንቡ ይለያል አለ።

ለአሥራ ሁለት ቀን አስጠናሁት። ጆይስቲኩን ከማጫወቻው ነቅለን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እኔ ወረቀቱን እይዛለሁ። «ሁለተኛው መስመር» እላለሁ። አውራ ጣቱ አቅጣጫ መምረጫዎቹን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ ቀኝ፣ ታች። «አራተኛው» እላለሁ። ግራ፣ ላይ፣ ላይ፣ ቀኝ። ሲሳሳት እንደ አስተማሪዬ ከንፈሬን እመጣለሁ። በመጨረሻው ሰሞን ከየትኛውም መስመር ብጀምርለት፣ ወደ ኋላ ብጠይቀው አይሳሳትም። እኔም አብሬው ሸመደድኩት፤ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። በእነዚያ አሥራ ሁለት ቀናት ያበጠው ሆዴ አይነገርም። ሽቦ ምን ሆነሻል ስትለኝ አሞኛል እያልኩ አሳለፍኩ።

የፈተናው ቀን ትምህርት አልነበረም። እናቴ ልጅቷን ሽቦ ቤት ተዋት አለችው። አባቴ ትምጣ አለ፤ እሷ አይደለች ያስጠናችኝ። እናቴ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ተንበርክካ የሹራቤን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈችልኝ፤ የመጨረሻውን ከቆለፈች በኋላም እጇን ቶሎ አላነሳችም።

የምርመራው ክፍል ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀለ ነጭ ሰሌዳ። ሰሌዳውን ሳየው ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። የኛ ሹካዎች ናቸው። አባቴን በክርኔ ነካሁት፤ እሱ ግን ወደ ፊት እንዳየ ነው። ባለሙያዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምጿ የለሰለሰ ሴት ናት። እኔን ጥግ ያለው በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ።

ግራ ዓይኑን ሸፍኖ በቀኙ አነበበላት። ከዚያ ቀኙን ሸፍኖ በግራው። ያን ጊዜ ያየሁት ነገር አለ፤ ልብ ያልኩት ግን በኋላ ነው። በቀኝ ዓይኑ ሲያነብ ባለሙያዋ የመጠቆሚያ ዱላዋን ሰሌዳው ላይ እስክታሳርፍ ይጠብቃል። በግራው ሲሆን «ሦስተኛው መስመር» ብላ ዱላዋን ሳታነሳ ጀምሯል። አንድም አልሳተም። አውራ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ጠቅ ጠቅ ይል ነበር።

«በጣም ጥሩ ጋሼ፣ አልፈዋል» አለችና ማህተሙን ሳበች።

አልፈዋል አለች። እኔ ደግሞ ቃሌን ጠብቄ አሥራ ሁለት ቀን የከረምኩ ሰው ነኝ። ካለፍኩ በኋላ ነበር ያለኝ፤ አለፈ። ከበርጩማው ወርጄ ደረቴን ነፋሁ።

«ሰሌዳሽ ቀዳዳ አለው» አልኳት። «ሃያ ሁለት ዓመት አይቀየርም። አባዬ ነው ያገኘው። ሳያይ ያውቀዋል።»

ሳቀች በመጀመሪያ። ልጅ ናትና አባቷን ልታሞካሽ ነው ብላ ሳይሆን አይቀርም። ማህተሙ ግን እጇ ላይ ቀረ። አባቴን አየችው። አባቴ አልተቆጣኝም፣ ልጅ ናት አትስሚያት አላላትም፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ባለሙያዋ ተነስታ ቀኝ ዓይንዎን አንዴ ይሸፍኑልኝ አለችው። ሸፈነ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሰሌዳውን ከምስማሩ አውርዳ ገልብጣ ሰቀለችው። ጨዋታ መሰለኝና አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ትልቁ ሹካ አሁን ከታች ሆኗል፤ ጥርሱን ወደ ወለሉ አድርጓል።

«ትልቁን ብቻ ይንገሩኝ ጋሼ» አለች።

የአባቴ አውራ ጣት ጉልበቱ ላይ አንዴ ጠቅ አለ።

«ላይ» አለ።

እኔ ግራ ተጋባሁ። ሰሌዳው እንደሆነ ከፊቱ ነው፤ ሹካው የአንድ ሰው ራስ ያክላል፤ እንዴት አያየውም? ባለሙያዋ ማህተሙን መሳቢያው ውስጥ መለሰችው። በቀስታ እንዲያውም በርኅራኄ ነው የመለሰችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ አባቴ አስጠጋችና ስንት ጊዜ ሆነዎት ብላ ጠየቀችው። ሁለት ዓመት ሳይሆን አይቀርም አላት። ስለ አንዲት ተማሪ ነገራት። እኔ የሰማሁት «ቦርሳዋ» የሚለውን ነው፤ ያች ቦርሳ እዚህም መጣች ብዬ ተናደድኩ።

ያንኑ ዕለት ዶክተር ጋ ወሰደችው። እዚያ ነው የዓይን ግፊት መሆኑ የተነገረው። ቀኙም ተጀምሮት ነበር፤ አንድ ዓመት ቢዘገይ እሱም ይሄድ ነበር አሉ። ጠብታ ታዘዘለት። ከአውቶቡሱ ወርዶ ስምሪት ክፍል ተመደበ፤ የትኛው ሹፌር የትኛውን መስመር እንደሚይዝ የሚያወጡበት ቢሮ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ጠዋት ጠዋት የሹፌር ሸሚዙን ለብሶ እየወጣ፣ በር ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይለውጥ ነበር። እኔ የመሰለኝ ፈተናውን በጣም በደንብ ስላለፈ ወንበር ያለው ሥራ እንደሰጡት ነው። ለሽቦና ለመንታዎቹ እንደዚያ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ እነሱም አመኑኝ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ የዓይን መርማሪዎች ትምህርት ቤታችን መጡ። ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ግድግዳው ላይ ሹካዎቹን አየሁ። አንድ ዓይንሽን ሸፍኚ አሉኝ። ሸፈንኩ፤ እና ክው ብዬ ቀረሁ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ግድግዳዎቹ፣ መቃኑ፣ ብርጭቆው፣ ቦርሳው። መርማሪው ምን ታያለሽ ሲለኝ አለቀስኩ፤ ምርመራው አስፈርቶኝ መስሎት ሲያባብለኝ ነበር። አባቴን ከሃያ ሁለት ዓመት ወንበሩ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ደረቴን ነፍቼ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ነገር ሆዷ ውስጥ የማያድረው ልጅ ይቺን አንዷን ነገር አሥራ አምስት ዓመት ያዘቻት። ጌም ግን አልተውኩም፤ እንዲያውም እንጀራዬ ሆነ። ሥራዬ ጌም ከመውጣቱ በፊት መፈተሽ ነው። ግድግዳውን ሁሉ እየገጨሁ የሚያሳልፈውን እፈልጋለሁ፤ ያገኘሁትን ለሠሪዎቹ እጽፋለሁ። ጓደኞቼ እንዴት አይሰለችሽም ይሉኛል። ወንበር ውስጥ የተቀረቀረ ሰው ሳገኝ ግን ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ።

አባቴ ቀኝ ዓይኑ እስከ አሁን ያያል። ጠብታው በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ እሁድ እሁድ እነሱ ቤት ስውል የምጨምርለት እኔ ነኝ። ባለፈው እሁድ ራሱን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አስደግፎ ጠብታውን ጨመርኩለት፤ ዓይኑን ጨፍኖ አምስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ፊቱን ሳየው፣ ዓይኑም ስለተጨፈነ፣ አፌ አላርፍ አለ። ይቅር በለኝ አልኩት። በምን አለኝ። በዚያ ክፍል በተናገርኩት አልኩት። ከመጋረጃው ጀርባ የእናቴ የስፌት መኪና ቆመ።

«እማዬ ተዋት ብላህ ነበር እኮ» አልኩት። «አፌን እያወቅክ ለምን ይዘኸኝ ገባህ?»

ከተጨፈነው ዓይኑ ጥግ የወረደውን ጠብታ በመዳፉ ጠረገ።

«ብቻዬን ብገባ አልፍ ነበራ» አለኝ።